ስንት ላስይዝ? የቀመር ነጋዴዎች መደርደሪያ

ቡናው እስኪደርስ ኳንት ስለሚባሉት ነጋዴዎች እናውጋ። እነዚህ ሰዎች አክሲዮን የሚገዙትና የሚሸጡት ወሬ ሰምተው ወይም ደስ ስላላቸው አይደለም። ያለፈውን ዋጋ ይሰበስባሉ፣ ስታቲስቲክስ ይሠራሉ፣ ኮድ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ይነግድላቸዋል። መደርደሪያቸው ላይ ምን የሚኖር ይመስላችኋል? ቀመር ነዋ! ትሉ ይሆናል። ቀመሩማ አለ። ጆን ሃል ኦፕሽንና ፊውቸርስ ስለተባሉት የገበያ ውሎች የጻፈው መማሪያ ከ800 ገጽ በላይ ነው፤ ሥራ ፈላጊው ለፈተና ያጠናዋል፣ ሥራ የያዘው ደግሞ አንድ ነገር ሲጠፋበት ገለጥ አድርጎ ይመልሰዋል። ጨዋታ ያለው ግን ከሱ አጠገብ በተሰደሩት ቀጫጭን መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከነሱም ብዙዎቹ ስለ ቁማርና ስለ ኪሳራ የሚያወሩ ናቸው።

ቁማሩን እናስቀድም። ኤድዋርድ ቶርፕ የሚባል አሜሪካዊ የሂሳብ ሊቅ በ1962 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) «ቢት ዘ ዲለር» የተሰኘ መጽሐፍ አወጣ። ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ፣ የወጡትን ካርታዎች እየቆጠረ የሚጫወት ሰው ቁማር ቤቱን ሊያሸንፍ እንደሚችል በሂሳብ አሳየ። የላስ ቬጋስ ቁማር ቤቶች ደንግጠው ለጊዜው ደንባቸውን እስከ መቀየር ደረሱ። እኔን የሚገርመኝ ግን ቆጠራው አይደለም። ቶርፕ ገና ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ክሎድ ሻነን የተባለ ምሁር፣ ጆን ኬሊ የሚባል ሌላ ተመራማሪ በ1956 ያሳተመውን ጽሑፍ እንዲያነብ ጠቁሞት ነበር። የኬሊ ጥያቄ «የማሸንፍበት ዕድል ከበለጠ፣ በየዙሩ ስንት ላስይዝ?» የሚል ነው።

እስቲ ሳንቲም እንወርውር። ከ10 ውርወራ በአማካይ 6ቱ ለእናንተ የሚወድቅ ሳንቲም አገኛችሁ እንበል። ስታሸንፉ ያስያዛችሁትን ያህል ይጨመርላችኋል፤ ስትሸነፉ ያስያዛችሁት ይሄዳል። ዕድሉ ከናንተ ጋር ነውና ያላችሁን ሁሉ በየዙሩ ብታስይዙስ? እንዲህ ከሚጫወቱ 1,000 ሰዎች 10 ዙር የሚዘልቁት 6 ገደማ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ባዶ እጃቸውን ይነሳሉ። ኬሊ በየዙሩ ካላችሁ ላይ 20 በመቶ አስይዙ ይላል። በ100 ብር ጀምራችሁ 6 ጊዜ ብታሸንፉና 4 ጊዜ ብትሸነፉ ወደ 122 ብር ትደርሳላችሁ። አሁን 20ውን 40 በመቶ አድርጉት። ሳንቲሙ ያው፣ ድሉም ያው 6፣ ሽንፈቱም ያው 4፤ በእጃችሁ የሚቀረው ግን 98 ብር አይሞላም! ትክክለኛውን ነገር አውቆ፣ መጠኑን ብቻ ስቶ መክሰር ይቻላል ማለት ነው። ቶርፕ ይህን ይዞ አክሲዮን ገበያ ገባ፤ በ1969 ያቋቋመው የኢንቨስትመንት ፈንድ ለ19 ዓመት ገደማ ሲሠራ በኪሳራ የዘጋው አንድም ዓመት አልነበረም።

ወደ ኪሳራው ስንመጣ ደግሞ የሮጀር ሎወንስታይን «ዌን ጂኒየስ ፌልድ» አለ፤ በ2000 የወጣ፣ ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት ስለተባለው ፈንድ የተጻፈ ነው። ፈንዱ በ1994 ሲጀምር ከባለድርሻዎቹ መካከል ሮበርት መርተንና ማይረን ሾልስ ነበሩ፤ ሁለቱም በ1997 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ሂሳብ አያውቁም የሚላቸው የለም። ነገር ግን በእያንዳንዱ የራሳቸው ዶላር ላይ ከ25 ዶላር በላይ ተበድረው ነበር። ነሐሴ 1998 ሩሲያ ዕዳዬን አልከፍልም ስትል ገበያው ተሸበረ፤ አይገናኙም የተባሉት ውርርዶች ሁሉ ባንድ ላይ ወደ ኪሳራ ዞሩ። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ትልልቆቹን ባንኮች ጠርቶ አስማማ፤ 14 ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አዋጥተው ፈንዱን ተረከቡት። እዚህም ያው ነው፦ ጉዱን ያመጣው ያስያዙት መጠን ነው። ትንሽ የተበደረ ሰው ሽብሩ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ 25 እጥፍ የተበደረን ግን አበዳሪው አይታገሠውም።

ከነዚህ ሁሉ የሚቀድመው የኤድዊን ለፌቭር «ሬሚኒሰንስስ ኦፍ ኤ ስቶክ ኦፐሬተር» ነው። በ1923 ወጣ፤ ጄሲ ሊቨርሞር የተባለውን የአክሲዮን ነጋዴ ሕይወት በልብ ወለድ መልክ ይተርካል። አዲስ ነጋዴ ሁሉ ይወደዋል፤ ጀግናው ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይከብራል። የመጽሐፉ ችግር በ1923 ማለቁ ነው። ሊቨርሞር በ1929ኙ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት እጅግ ብዙ አትርፎ፣ በ1934 መክሰሩን በፍርድ ቤት አሳወቀ፤ በ1940 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ይህን መጽሐፍ ለወጣት የሚያውስ ሰው ቀሪውን በቃል ቢነግረው ደግ ያደርጋል።

ናሲም ታሌብ በ2001 ያሳተመው «ፉልድ ባይ ራንደምነስ» ደግሞ በዕድል ያገኘነውን በችሎታችን ያገኘነው እንዳይመስለን ይወተውታል። የኳንት ዋናው በሽታ ይኸው ነው። አንዳችም ፋይዳ የሌላቸው 20 ስልቶች በድሮ ዋጋ ላይ ቢሞከሩ፣ ከ20 አንድ ጊዜ በአጋጣሚ በሚያሳልፍ ፈተና አንዱ «ሠራ!» የሚያሰኝ ሆኖ ቢወጣ አይደንቅም። ሞካሪው 19ኙን ረስቶ ያንን ይዞ ገንዘቡን ያፈስስበታል።

ስለዚህ ጠንቃቃው ኳንት ከታተሙት መጻሕፍት ጎን አንድ ደብተር ያኖራል። ስልቱን ከመሞከሩ በፊት ለምን ይሠራል ብሎ እንዳሰበ፣ ስንት እንደሚያስይዝ፣ ስንት ሲከስር እንደሚወጣ ይጽፍበታል። ያልሠሩትንም አንድ በአንድ ይመዘግባል፤ የሠራው አንዱ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው የሚታወቀው የወደቁት ሲቆጠሩ ነውና። ይህንን ለማድረግ ደግሞ ቀመር ማወቅ አያሻም፤ ሁለት አክሲዮን ያለው ሰውም ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል።