በባቲ ገበያ ሎሚ የምትቈጥር ሕፃን

አንባቢ ሆይ! የባቲን ስም በክራር ቅኝቷ ሳታውቀው አትቀርም። ከተማዪቱን በዓይንህ ለማየት ከፈለግህ ግን ሰኞ ቀን ሂድ። ከኮምቦልቻ ተነሥተህ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ከቈላ ግመሉን እየነዳ የመጣው አፋር ከአገሬው ኦሮሞና ከደጋ ከወረደው አማራ ጋር የሚገናኘው በዚሁ በሰኞ ገበያ ነው። ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ግመል ተራ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የምወስድህ ሎሚ በመደብ ወደሚሸጥበት ጥግ ነው።

እናቲቱ ጆንያ ዘርግታ ሎሚዋን አምስት አምስት እያደረገች ትደረድራለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። «እስቲ ቍጠሪ» ብትላት ከአንድ እስከ ዐሥር ሳትደናቀፍ ትወርደዋለች፤ አላፊ አግዳሚውም «ጐበዝ!» ይላታል። አሁን እጅህን ዘርጋና «ሦስት ሎሚ ስጪኝ» በላት፤ እጇ የያዘላትን ያህል አፍሳ ትሰጥሃለች።

ይህ ስንፍና አይደለም። ሕፃን በሁለት ዓመቱ ገደማ የቍጥርን ስሞች የሚይዛቸው እንደ ዜማ ነው። መጀመሪያ ትርጕሙ የሚገባው የአንድ ብቻ ነው። ከወራት በኋላ ሁለትን፣ ቈይቶም ሦስትን ለየብቻ ይለያል። እስከዚያው ድረስ አንዷን ሎሚ ሁለት ጊዜ ይነካል፣ ሌላዋን ይዘላል፤ ቈጥሮ ሲጨርስ «ታዲያ ስንት ናቸው?» ብትለው መልስ በመስጠት ፈንታ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። መጨረሻ የጠራው ስም የጠቅላላው ልክ መሆኑ የሚገለጥለት ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ተኩል ካለፈው በኋላ ነው።

ከዚያም በኋላ ዓይን ያታልለዋል። አምስት ሎሚ ጠጋ ጠጋ፣ ሌላ አምስት ዘርዘር አድርገህ ብትደረድር የአራት ዓመቱ ልጅ ረጅሙ ይበልጣል ይልሃል። ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ፒያዤ የሕፃናትን የቍጥር አስተሳሰብ የመረመረበትን መጽሐፍ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ሲያሳትም ይህን በሰፊው ገልጾታል። (የገበያ ሰዎች ግን ነገሩን ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል፤ ዘርዘር ያለ መደብ እኛን ትልልቆቹንም ያጓጓል።)

በባቲ ልጅ ጆሮ አንዱ ወገን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል ሌላው «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ይላል። በአማርኛ ከዐሥር በኋላ መንገዱ የቀና ነው፤ ዐሥራ አንድ ራሱ ዐሥርና አንድ መሆኑን ይናገራል። የእንግሊዝ ልጅ ግን ለ11 እና ለ12 አዲስ ስም መሸምደድ አለበት። የእኛው የሚደናቀፈው ሃያ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ነው፤ «ሃያ ዐሥር» ቢልህ እንዳትሥቅበት፤ ደንቡን ራሱ ፈልጎ አግኝቶታልና።

የምፈራው ወላጁና መምህሩ «እስከ መቶ ይቈጥራል» ብለው ዜማውን እንደ ዕውቀት የቈጠሩበትን ልጅ ነው። መደመር ይጀመርለታል፣ ይሳሳታል፣ ኵርኵም ይቀምሳል፤ ቍጥርንም ከዚያች ቀን ጀምሮ ይጠላል። አንተም ምናልባት የቀመስከው ይሆናል። ቤትህ ታናሽ ወንድም ካለህ «ቍጠር» ከማለት ይልቅ «ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ስኒ አምጣ» በለው።

የሎሚዪቱ ባለቤት ይህን ማንም አልነገራትም። አንድ መደብ ገዝተህ ስትነሣ ወደ ልጅዋ ዘወር ብላ «ለጋሼ ምርቃት አንድ ጨምሪላቸው» ትላለች። ልጅቱም አንዲት ሎሚ መርጣ በመዳፍህ ላይ ታስቀምጣለች፤ አንዲት ብቻ።