ማንጋቴንና የዓለም ውድ ሕንፃዎች

ማንጋቴን የደቡብ ሱዳን ርዕሰ ከተማ ከሆነችው ከጁባ ሰፈሮች አንዱ ነው። ጎብኚ ካሜራውን በትከሻው አንግቶ የሚመጣበት ሥፍራ አይደለም፤ ቤተ መዘክርም ሆነ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አይታይበትም። ሆኖም አንድ ቤት በእውነቱ ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ ለሚሻ ሰው ከብዙ ታላላቅ ከተሞች ይልቅ የሚያስተምር ሰፈር ነው። ምክንያቱን እንመልከት፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው በሐምሌ ወር 2011 ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ ወር 2013 በጁባ ጦርነት ፈነዳ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች የሠሩትን ቤት፣ ያጠራቀሙትን ዕቃ ጥለው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ሠፈር ሸሹ። በ2018 ደግሞ በዚያው መጠለያ ውስጥ በተፈናቃዮቹ መካከል ግጭት በመነሣቱ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ወደ ማንጋቴን ተዛውረው ለሁለተኛ ጊዜ መጠለያ ማቆም ግድ ሆነባቸው።

የዚህ መጠለያ አሠራር ረጅም ትንታኔ አያሻውም። ጥቂት እንጨት ይተከላል፤ በላዩ የፕላስቲክ ሸራ ይወጠራል፤ የቀናው ቆርቆሮ ያገኛል። ወለሉ አፈር ነው። በጁባ የዝናቡ ወራት ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ስለሚዘልቅ፣ በጎጆው ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ጣራ ከማልበስ የማይተናነስ ሥራ ነው። መሐንዲስ የለውም፤ ተቋራጭ የለውም፤ የመሠረት ድንጋይ የሚያስቀምጥ ባለሥልጣንም የለውም። ይሁን እንጂ ቀድሞ ሠርቶት የነበረውን ቤት ያጣ ቤተሰብ የቀረችውን ጥሪት ሁሉ ያፈሰሰበት በመሆኑ፣ ከባለቤቱ አቅም ጋር ሲመዛዘን ከዓለም ውድ ቤቶች መካከል ሊቆጠር ይገባዋል።

የሲሚንቶ ከረጢት ጉዞ

በጁባ ግንብ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚያሰላው የግንበኛውን ደመወዝ ሳይሆን የመንገዱን ነገር ነው። ሲሚንቶውና ፌሮው በአብዛኛው ከኡጋንዳና ከኬንያ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በድንበር ከተማዋ በኒሙሌ በኩል አልፎ ይመጣል። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ በአስፋልት ተሠርቶ ያለቀው በ2012 ሲሆን፣ ወደ 225 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። በ2016 ጁባ ላይ ውጊያው ዳግም ካገረሸ በኋላ ግን በዚሁ መንገድ ላይ የሚጓዙ ተሽከርካሪዎች በተደጋጋሚ ጥቃት ደረሰባቸው። ሾፌር ያለ አጀብ አልሄድም ሲል፣ የጭነት ኪራይ ሲንር፣ ያ ሁሉ ተደምሮ በአንዲት ከረጢት ሲሚንቶ ላይ ያርፋል። ሲሚንቶውን የሚገዛው ሰው የከፈለው ለሲሚንቶ ብቻ ይመስለዋል፤ ከዋጋው ከፊሉ ግን የፍርሃት ዋጋ ነው።

ጠጠሩ ከሩቅ አይመጣም። ከከተማዋ ዳር ካለው ከጀበል ኩጁር ተራራ ድንጋዩ ይፈለጣል፤ ከዚያም ሴቶች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በመዶሻ እየሰባበሩ፣ እየከመሩ ለሕንፃ ሠሪዎች ይሸጡታል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል በጦርነቱ ባላቸውን ያጡ፣ የልጆቻቸውን ጉርሻም ሆነ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ክምር የሚጠብቁ አሉበት። ስለሆነም በጁባ የሚቆመው እያንዳንዱ ፎቅ ቤት በአርማታው ውስጥ የእናቶችን ጉልበት ይዟል።

ሌላው ምሳሌ በነጭ ዓባይ ላይ የተዘረጋው የነጻነት ድልድይ ነው። ጁባ ለረጅም ዘመን በ1970ዎቹ በተሠራ አንድ ድልድይ ብቻ ስትገለገል ኖራ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ 560 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተጀመረላት። ሥራው በ2013ም በ2016ም በጦርነት ምክንያት ተቋረጠ፤ የጃፓን ባለሙያዎች አገሩን ለቀው ወጡ፤ ድልድዩ ተመርቆ የተከፈተው በግንቦት ወር 2022 ነው። የቆመ ሥራ ደግሞ ያለ ወጪ አይቆምም። ብረቱ ይዝጋል፤ መሣሪያው ይጠበቃል፤ ሠራተኛው ይበተናል፤ ሲመለስም ሥራው ካቆመበት ሳይሆን ከማስተካከል ይጀምራል።

በምናውቀው ሕንፃ ስንለካው

አሁን ከጁባ ወጥተን ወደ ሰፊው ዓለም እንሻገር። የቢሊዮን ዶላር ቁጥር ግን ለጆሮ እንጂ ለልብ አይገባም። ስለዚህ በቅርብ በምናውቀው ሕንፃ ብንለካው ይሻላል።

በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የቆመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከምድር በላይ 209 ሜትር ይረዝማል። በ2015 ተጀምሮ በየካቲት ወር 2022 የተመረቀው ይህ ሕንፃ የተሠራው በቻይና ተቋራጭ ሲሆን፣ ወጪው 303 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከእርሱ በፊት በጥር ወር 2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት መሰብሰቢያ ሕንፃ 200 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ፣ ከቻይና መንግሥት በስጦታ የተሰጠ ነው። ያረፈውም “ዓለም በቃኝ” ይባል በነበረው ወህኒ ቤት ቦታ ላይ ነው።

እንግዲህ የንግድ ባንኩን ሕንፃ እንደ ቁና እንያዘው። በዱባይ በ2010 የተመረቀው፣ 828 ሜትር ቁመት ያለው ቡርጅ ኸሊፋ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ አምስት ንግድ ባንክ መሆኑ ነው። በኒው ዮርክ መስከረም 11 ቀን 2001 በጥቃት በፈረሱት ሕንፃዎች ሥፍራ ላይ የቆመው አዲሱ የዓለም ንግድ ማዕከል 3.9 ቢሊዮን ዶላር ወይም አሥራ ሦስት ንግድ ባንክ ፈጅቷል። በሲንጋፖር በ2010 የተከፈተው ማሪና ቤይ ሳንድስ የተባለው ሆቴል ከነመሬቱ 5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ማለትም አሥራ ስምንት ንግድ ባንክ ያህል ወጥቶበታል። በመካ በ2012 የተጠናቀቀው፣ በአናቱ ግዙፍ ሰዓት የተሸከመው አብራጅ አልበይት 15 ቢሊዮን ዶላር እንደፈጀ ይገመታል፤ ወደ ሃምሳ ንግድ ባንክ የሚጠጋ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው ታላቁ መስጊድ ደግሞ በተለያዩ ዘመናት የተደረገለት ማስፋፊያ ሁሉ ሲደመር ከ100 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ይነገርለታልና፣ በዓለም ውድ ሕንፃዎች መዝገብ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጻፈው እርሱ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ይገባል? ቡርጅ ኸሊፋን ብንወስድ ገና ከመሬት ሳይነሣ 192 የአርማታ ምሰሶዎች ከሃምሳ ሜትር ወደ ሚበልጥ ጥልቀት ወርደውለታል። ለሕንፃው ወደ 330,000 ሜትር ኩብ አርማታና 39,000 ቶን ፌሮ ገብቷል። በበጋው ሐሩር አርማታው ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ውኃው በበረዶ እየተቀላቀለ፣ ሙሌቱም በሌሊት ይካሄድ ነበር። በሥራው ጡዘት ጊዜ በአንድ ቀን 12,000 ሠራተኛ ተሰማርቶበታል። ሰው ብልጭልጩን መስታወት አይቶ ያደንቃል፤ ሕንፃውን የተሸከመው ግን ከዓይን የተሰወረው ምሰሶ ነው።

በኒው ዮርኩ ሕንፃ ላይ ደግሞ ወታደር በቀላሉ የሚረዳው ሌላ ወጪ አለ። የታችኛው ክፍሉ ፍንዳታን እንዲቋቋም ሃምሳ ሜትር በሚያልፍ ከፍታ በወፍራም አርማታ ተገንብቷል። አንድ ጊዜ የተደፈረ ሥፍራ ዳግም ሲሠራ ዋጋው እንደ ፊተኛው አይሆንም። ማንጋቴንና ኒው ዮርክ በሀብት የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም በዚህ አንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ በሁለቱም ዘንድ ሰላም ማጣት ከሲሚንቶ ይልቅ ይወደዳል።

ሳይታሰብ የተጀመረ ቤት

ስለ ሕንፃ ወጪ ሲነገር የአውስትራሊያው የሲድኒ ኦፔራ ቤት ሳይነሣ አይታለፍም። የዴንማርኩ አርክቴክት ዮርን ኡትዞን በውድድር አሸንፎ ንድፉ ሲመረጥ፣ የተገመተው ወጪ 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር፣ የማለቂያውም ጊዜ 1963 ነበር። ግንባታው በ1959 ሲጀመር እንደ ጀልባ ሸራ የተነፋው ጣራ በምን ዘዴ እንደሚሠራ ገና አልታወቀም። መሠረቱ ቀደመ፤ ሐሳቡ ዘገየ። ኋላም ጣራው ከታሰበው በላይ ከባድ ሆኖ በመገኘቱ አስቀድሞ የቆመው ምሰሶ እየፈረሰ እንደገና ተሠራ። ቤቱ የተመረቀው አሥር ዓመት ዘግይቶ በ1973 ሲሆን፣ ወጪው 102 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከዚህም ገንዘብ የሚበዛው የተገኘው ለዚሁ ሲባል በየጊዜው ከሚወጣ ሎተሪ ነበር።

ይህ ታሪክ ባለቤቷ ግዳጅ ላይ ሆኖ እርሷ በአገር ቤት ጎጆ ለማቆም ለምትታገል የወታደር ባለቤት ባዕድ አይደለም። የዕቁብ ብር ሲወጣ፣ ባለቤቷም የላከው ሲደርስ፣ ልብ ይቸኩላል። መሠረት ይቆፈራል፤ ድንጋይ ይገዛል፤ የጣራው ነገር ግን “እግዜር ያውቃል” ተብሎ ይታለፋል። ክረምት ሲገባ ጣራ ያላገኘው ግድግዳ ዝናብ ይመታዋል፤ ጭቃ ከሆነ ይፈርሳል፤ ብሎኬት ከሆነም አልፎት የሚሄደው ውኃ መሠረቱን ይበላል። ለድጋሚ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ከሁሉ የሚያስቆጭ ነው፤ ቤቱን አያሳድገውምና።

ስለዚህ ከሲድኒ የምንማረው ቀላል ነው። አራት ክፍል ጀምሮ ጣራ ከማጣት ሁለት ክፍል ጀምሮ ቆርቆሮ ማልበስ ይሻላል። ከጉድጓዱ በፊት አናጢውንና ግንበኛውን በአንድ ቀን ጠርቶ የእንጨቱን፣ የሚስማሩን፣ የአሸዋውን፣ የማጓጓዣውንና የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ በደብተር ማስፈር፣ ከዚያም ላልታሰበው ጥቂት መጨመር ይገባል። ከሲንጋፖሩ ሆቴል ደግሞ መሬትም የቤት ዋጋ መሆኑን እንረዳለን፤ ወረቀቱ ባልተጣራ ይዞታ ላይ የቆመ ቤት መሠረቱ በሌላ ሰው እጅ ነው። ደብተሩን ባልና ሚስት በየፊናቸው ቢይዙትና በደብዳቤም ሆነ በስልክ ቢያመሳክሩት፣ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን መተማመኑም ይጠበቃል።

በአገራችን ከጥንት የኖረ አንድ ሀብት አለ፤ ደቦ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ ምሰሶ ሲተክል፣ ማገር ሲማግር፣ ጭቃ ሲረግጥ፣ ባለቤቷ ጠላውንና እንጀራውን ታቀርባለች፤ ጎጆው በጥቂት ቀን ይቆማል። በደብተር ቢሰፍር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደቦ የሚጠራው ግን ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያምንበት፣ ሰው ያለ ሥጋት በሚወጣበትና በሚገባበት ቀዬ ብቻ ነው። የማንጋቴን ሰዎች ያጡት ይህን ጭምር ነው። ሸራውን ረጂ ድርጅት ሊሰጣቸው ይችላል፤ የቀድሞ ጎረቤቶቻቸውን መልሶ የሚሰበስብላቸው ግን የለም።

የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል ውስጥ ጁባ ድረስ ዘልቀው አገልግለዋል። ተፋላሚዎቹ ወገኖች በመስከረም ወር 2018 የተፈራረሙት የሰላም ስምምነትም የተፈረመው በአዲስ አበባ ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ የጭነት መኪና የሚያሳልፍ ዘብ፣ በመጠለያ አጥር ዙሪያ ሌሊቱን የሚዞር ቃፊር፣ ሕንፃ ሠሪ ነው ተብሎ ስሙ በእብነ በረድ ላይ አይቀረጽም። ነገር ግን ሲሚንቶው በደህና ሲገባ ዋጋው ይረክሳል፤ ዋጋው ሲረክስ አንድ ተጨማሪ ቤተሰብ ግድግዳ ያቆማል። በዚያ ቤት የወጪ መዝገብ ውስጥ የዘቡ ሌሊት አልተጻፈም፤ ተከፍሏል ግን።