በሮን ወንዝ አጠገብ ስላየናቸው የጥንት ሕንጻዎች

ሰው አገር ለማየት ሲወጣ የሕንጻውን ትልቅነት አይቶ ከማድነቅ አልፎ፥ ይህ ሕንጻ ስንት ጦርነትና ስንት ጐርፍ ሲያልፍ እስከ ዛሬ በምን ምክንያት ሊቆም ቻለ ብሎ ቢጠይቅ፥ ከመንገዱ ድካም የሚበልጥ ትምህርት ያገኛል። እኛም ባለፈው ዓመት በዕረፍታችን ጊዜ ከባለቤታችንና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋራ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሄደን፥ በሮን ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉትን የጥንት ከተሞች በጐበኘን ጊዜ ይህን ጥያቄ ይዘን ነበር። ከፓሪስ እስከ አቪኞን በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ከዚያም ኒምና አርል ቅርብ ናቸውና ልጆች ላሉት ቤተ ሰብ የተመቸ አገር ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ያየነው ፖን ዱ ጋር የሚባለውን ድልድይ ነው። ሮማውያን ለኒም ከተማ ሰዎች ውሃ ለማምጣት በኡዜስ አጠገብ ከሚፈልቀው ምንጭ ጀምረው 50 ኪሎ ሜትር የሚያህል ቦይ ሠሩ። ምንጩ ከከተማው በከፍታ የሚበልጠው 13 ሜትር በማይሞላ ልክ ብቻ ነው፤ በዚያች ጥቂት ዝቅታ ውሃው ሳይቆም እንዲወርድ ማድረጋቸው እጅግ ያስደንቃል። ቦዩ የጋርዶን ወንዝን በሚሻገርበት ስፍራ ሦስት ደርብ ያለው፥ ቁመቱ 49 ሜትር ያህል የሆነ ድልድይ አቆሙ። የታችኞቹ ሁለት ደርቦች ታላላቅ ድንጋዮች ያለ ኖራ እርስ በርሳቸው ተጋጥመው ቆመዋል። የሮማውያን መንግሥት ከወደቀ በኋላ ቦዩን የሚጠርገው ስለ ጠፋ ውሃው ቀረ፤ ዳሩ ግን ድልድዩን መንገደኞች ይሻገሩበት ጀመር። ለመሻገሪያ የሚያገለግል ሆኖ ስለ ተገኘም ድንጋዩን አፍርሶ ከመውሰድ ይልቅ ማደሱ ይሻላል ተባለ። ከ1743 እስከ 1747 ደግሞ በጐኑ የመንገድ ድልድይ ተሠራለትና ከመንገደኛው ሸክም ዐረፈ።

በአርልም ያየነው ከዚህ የሚመሳሰል ነው። በ90 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ክብ የትርዒት ቦታ 20,000 ያህል ሰው ይይዝ ነበር። ኋላ የጠላት ፍርሀት በበዛ ጊዜ ሕዝቡ ቅስቶቹን ደፍኖ፥ በላያቸውም የጥበቃ ግንብ ሠርቶ በውስጡ ሰፈረበት። ከ200 የሚበልጡ ቤቶችና ቤተ ክርስቲያን የነበሩበት ትንሽ ከተማ ሆነ። ቤቶቹ ተነሥተው የቀድሞ መልኩ የተገለጠው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ከጥበቃዎቹ ግንቦች ሦስቱ ዛሬም ቆመዋል። ልጃችን ሰዎቹ በጨዋታ ቦታ ውስጥ ቤት መሥራታቸው ነውር አልነበረምን ብሎ ጠየቀን። እኛም፥ ባይሰፍሩበት ኖሮ እያንዳንዱ ሰው ለአጥሩ ድንጋይ እየወሰደ ይጨርሰው ነበር ብለን መለስንለት።

በኒም ከተማ መካከል ሜዞን ካሬ የሚባል ቤተ ጣዖት አለ፤ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ይህ ቤት በየዘመኑ የከተማ ሹማምንት መሰብሰቢያ፥ የግል መኖሪያ፥ የፈረስ ጋጥ፥ ቤተ ክርስቲያን፥ የመዝገብ ቤትና ሙዚየም ሆኗል። በግንባሩ ላይ የነበሩት የነሐስ ፊደላት ግን ተነቅለው ጠፍተዋል። ሴት ልጃችን፥ «አባባ፥ ጽሑፉ ከሌለ ለማን እንደ ተሠራ በምን ዐወቁት?» አለችን። ነገሩም እንዲህ ነው፤ በ1758 ዣን ፍራንሷ ሴጊዬ የሚባል የኒም ሊቅ ፊደሎቹን ይዘው የነበሩትን የችንካር ቀዳዳዎች መርምሮ፥ ቤቱ ለአውግስጦስ ቄሣር የልጅ ልጆች ለጋዮስና ለሉቅዮስ መታሰቢያ የተሠራ መሆኑን አነበበ። ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ስለ ሆነ አንድ ሰነድ ሲጠፋ ስንት ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ስለዚህ ከቀዳዳ ላይ ያነበበውን ሰው ትዕግሥት ከሕንጻው ይልቅ አደነቅን።

ነገር ግን በቤት መጠቀም ብቻውን ቤትን አያድነውም፤ ይህን በአቪኞን ተረድተናል። የሮማ ጳጳሳት በ1309 ወደዚያች ከተማ መጥተው እስከ 1377 ተቀመጡባት። ታላቁ ቤተ መንግሥታቸው በ1335 ተጀመረ፤ ከተማዪቱንም ጳጳሱ ክሌምንጦስ 6ኛ በ1348 ከናፖሊ ንግሥት በ80,000 ፍሎሪን ገዙ። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ግን ግቢው የወታደር ሰፈር ሆኖ እስከ 1906 ቆየ፤ በዚያን ጊዜ ከግድግዳው ሥዕል እየፈለጡ የሸጡ ወታደሮች ነበሩ። ሰው ሞልቶበት ሳለ ባለቤት አጣ ማለት ነው። ከግቢው በታች ያለው የቅዱስ ቤኔዜ ድልድይም 22 ቅስቶች ነበሩት፤ ጐርፉ እየመላለሰ ሲሰብረው ሰዎች መጠገኑን ስለ ሰለቹ በ17ኛው መቶ ዓመት ተዉት። ዛሬ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው።

በመጨረሻ ወደ ማርሴይ ወርደን የቅዱስ ቪክቶርን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን። በዚያ በ415 ዓ.ም. ገደማ ገዳም መሠረተ የሚባለው ዮሐንስ ካስያን ነው። እርሱ በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ ከአበው መነኮሳት ጋራ ኖሮ፥ ከአፋቸው የሰማውን በላቲን ቋንቋ ጽፎ ለምዕራብ ሰዎች አስተማረ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደግን ለእኛ የአስቄጥስ ስም ከሕፃንነታችን ጀምሮ የተለመደ ነውና፥ ያንኑ ስም በባዕድ አገር ወደብ ስናገኘው ዘመድ ያገኘን ያህል ደስ አለን። የካስያን ትምህርት ከቀደሙት ግድግዳዎች ይልቅ ዕድሜ ያገኘው መነኮሳት በየዘመናቸው ስላነበቡትና ስለኖሩበት ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑም ዛሬ ጸሎት ይደረጋል።

ይህን ሁሉ ስንመለከት ልባችን ወደ አባታችን ቤት ተመለሰ። አባታችን ካረፉ ወዲህ በትውልድ አገራችን ስላለው ቤታቸው ከወንድሞቻችን ጋራ አልተስማማንም። ታላቅ ወንድማችን መታሰቢያ ሆኖ ተቈልፎ ይቀመጥ ይላሉ፤ ታናሹ ይሸጥና ገንዘቡን እንካፈል ይላል። ሁለቱም በቅን ልብ እንደሚናገሩ እናውቃለን። ሆኖም እሳት ያልነደደበትን የሣር ቤት ምስጥ እንደሚጨርሰው ማንም የገጠር ልጅ ያውቃል፤ የጣራውን ዕድሜ የሚያረዝመው የምድጃው ጢስ ነው። የተሸጠውን ደግሞ ገዢው እንደ ወደደ ያፈርሰዋል። በአርል ሕዝቡን በትርዒት ቦታ ውስጥ ያስገባው ችግር ቢሆንም፥ ግንቡን ያቆየው ግን እዚያ መኖራቸው ነው። የአቪኞን ወታደሮች ደግሞ የሚኖርበት ሰው ቤቱን የሚወድ ሊሆን እንደሚገባ አሳይተውናል።

ስለዚህ፥ በቅርቡ ያገባው የእኅታችን ልጅ ከሚስቱ ጋራ በቤቱ ይኑርበት፤ ጣራውን በየዓመቱ ይክደን፤ የአባታችንን ዳዊትና መስቀል ግን ከቤቱ እንዳያወጣ በጽሑፍ ውል ይግባ፤ ለክዳኑም ወጪ ሦስታችን እኩል እናዋጣ ብለን ለወንድሞቻችን ደብዳቤ ጻፍን። ታናሽ ወንድማችን እሺ ብሎ መልሷል። የታላቅ ወንድማችንን ቃል ገና እንጠብቃለን፤ ክረምቱም ሳይገባ እንዲደርሰን እንለምናለን።