የግጭ ሰው

ደባርቅ ላይ «ስካውት» ሲባል ጠመንጃውን አንግቶ እንግዳ ይዞ ተራራ የሚወጣው ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። አስጎብኚም በቅሎ ጫኝም ቢያዝ፣ ያለ ስካውት ወደ ሳንቃበር መዝለቅ አልነበረም።

አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ይዘን ስንወጣ፣ የምግብ አብሳዩ ረዳት ነበርኩ። የደረሰን ስካውት ጠና ያለ ሰው ስለነበር «አያ» እንለው ነበር። ከ«ስሎሊ» ሌላ እምብዛም እንግሊዝኛ የለውም። እንግዳው ጭላዳ ፎቶ አነሳለሁ ብሎ ወደ ገደሉ ጫፍ በተጠጋ ቁጥር ግን፣ አያ ምንም ሳይናገር በእሱና በገደሉ መካከል ይቆማል።

በማግስቱ የጅንባርን ፏፏቴ አልፈን ግጭ ደረስን፤ አያ ተወልዶ ያደገበት፣ ፓርኩ ውስጥ የነበረ መንደር። ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመዘገበ በኋላ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ አስገባው፤ እርሻውና ግጦሹ የዋልያውን ቦታ እያጠበበ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ ሰዎች ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለዋልያው ብዬ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ቤቱን የለቀቀው ሰው ስም አብሮ አለመነሳቱ ግን ያንገበግበኛል።

አያ ሣሩን በእግሩ ገለጥ አድርጎ «ይኼ ጉልቻችን ነበር» አለኝ። ድንጋዮቹ ጠቁረው አሉ። ገብስ የዘሩበትን ማሳ፣ በረቱን፣ ልጅ ሆኖ ከብት የጠበቀበትን አፋፍ በጣቱ እየተከተለ አሳየን። እንግዳው በአስጎብኚው በኩል «ቅር ብሎሃል?» ሲል አስጠየቀው።

«ዋልያው ከእኛ በፊትም የነበረ ነው» አለ አያ። «እናቴን ነው እንጂ፤ ደባርቅ ቆላ ሆነባት። ሞቀኝ ትላለች።»

ብርድ የሚያንዘፈዝፈን እኛ ዝም አልን።

ጨነቅ ላይ ሁላችንም በመነጽር ገደሉን ስንዳብስ፣ ዋልያዎቹን በዓይኑ ብቻ ያገኘው እሱ ነው። ደባርቅ ስንመለስ እንግዳው ጉርሻ ሊሰጠው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አያ ግን በአስጎብኚው በኩል፣ ያነሳውን የግጭ ፎቶ ለእናቱ አሳጥቦ እንዲሰጠው እንግዳውን ለመነው። ያን ዕለት ከሰዓት ፎቶ ቤት አብረን ሄድን፤ ትልቁን መጠን አሳጠብንለት።