የኮቦ ፑልና የዓይን ልክ

አንባቢ ሆይ፤ ከወልድያ ተነሥተህ ጎብዬንና ሮቢትን አልፈህ ወደ ሰሜን ብትጓዝ፣ በስተ ምሥራቅ የዞብልን ተራሮች በስተ ምዕራብም ደጋውን እያየህ ኮቦ ትደርሳለህ። አገሩ ቆላ ነውና ሙቀቱ ብርቱ ነው። በቀትር ጥላ ፍለጋ ወደ ፑል ቤት ጎራ ብትል ከኳሱ ድምፅ ይልቅ ክርክሩ ይሰማሃል። አንዱ «የማነጣጠር ዘዴ አለኝ» ይላል፤ ሌላው «ዓይን ነው እንጂ ምን ዘዴ አለ!» ይለዋል። የጠረጴዛውን ሒሳብ የሚከፍለው ተሸናፊው ስለ ሆነ፣ ደመወዙ ትንሽ ለሆነ ጸሐፊ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ዘዴ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። ኳሶቹ እኩል ናቸው፤ ስፋታቸው 57 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የተመታው ኳስ የሚሄደው፣ ሁለቱ በተነካኩበት ቅጽበት መሐላቸውን በሚያገናኘው መሥመር ነው። የነጩን መሐል በሌላው ጠርዝ ላይ አነጣጥረህ ብትመታ፣ የተመታው ኳስ ከነጩ መንገድ 30 ዲግሪ ያህል ይገነጠላል። ይህ ጂኦሜትሪ ነው፤ ለጎበዙም ለጀማሪውም ያው ነው።

ዳሩ ግን ከዚህ የሚያልፉ አሉ። ሃል ሁል የተባለው አሜሪካዊ ያስተማረውን የሚከተሉ ተጫዋቾች፣ ከነጩ መሐል ወደ ሌላው ጠርዝ አይቶ ዱላውን ጥቂት በማዞር ብቻ ያለ ግምት ማግባት ይቻላል ይላሉ።

ይህን መፈተን ቀላል ነው። ባለ ዘዴው አንዱን ኳስ ወደ ማዕዘን ቀዳዳ ያግባ። ከዚያ ሁለቱን ኳሶች ወደ ቦታቸው መልሰህ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀትና አቅጣጫ ሳትለውጥ፣ አንድ ስንዝር ወደ ጎን አዛውራቸው። እርስ በርስ ሲታዩ አልተለወጡም፤ ቀዳዳው ግን በቦታው ነው። ዘዴው ሁለቱን ኳሶች ብቻ አይቶ የሚሠራ ከሆነ፣ ሁለተኛው ምት ከፊተኛው ጋር ትይዩ ሄዶ ቀዳዳውን መሳት አለበት። ካገባ፣ ሳያውቀው ዓይኑ አርሞለታል። «የማዞሩን መጠን እንደ ቀዳዳው እለውጣለሁ» ቢልህ፣ «በምን ለክተህ?» በለው። «በማየት» ካለ ክርክሩ አለቀ። አንድ ምት ዕድል ሊሆን ስለሚችል 20 ጊዜ ይደጋገም፤ ውጤቱንም ሦስተኛ ሰው ይጻፍ።

በፈተናው የወደቀ ሰው ግን የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም። ዘዴው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቋም እንዲቆምና እንዳይወላውል ረድቶታል፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ከፑል ቤቱ ወጥተህ የራያን ገበሬ ተመልከት። በክረምት ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በቁጥቋጦ እየገደበ ወደ ማሽላው ይመራዋል። የት ቢከፍተው የት እንደሚተኛ የሚያውቀው በዓይኑ ነው። «ቀመር አለኝ» አይልም እንጂ ውኃው ይታዘዝለታል።

ፈተናውን ከመጀመርህ በፊት ግን አንድ ኳስ በቀስታ አንከባልለህ የጠረጴዛውን ልክነት እይ፤ ጠረጴዛው ካዘነበለ በዘዴውም በዓይኑም ላይ መፍረድ አይቻልም።