«ወፍረሽ አማረብሽ!»

እናቴ የምትኖረው ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደራ ነው። በበዓል ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ጎረቤቶቿ «ወፍረሽ አማረብሽ!» ይሏት ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ለካስ ፊቷን ያሳበጠው ምቾት ሳይሆን መድኃኒት ኖሯል።

ነገሩ የጀመረው በቁርጥማት ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ እያሉ ጀበና ማንሳት አቃታት። ሐኪም ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ መሆኑን ነግሯት ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን አዘዘላት። በቀናት ውስጥ ተነሥታ እንጀራ ጋገረች። የሚያታልለውም ይኸው ፈጣን እፎይታ ነው። የዚህ መድኃኒት ዘመድ የሆነው ኮርቲዞን እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ሕመም ሲሰጥ ታማሚዋ በቀናት ውስጥ ተራምዳለች፤ ግኝቱ በ1950 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። የጎንዮሽ ጉዳቱ የታየው ግን እየቆየ ነው።

እናቴም ባዶውን ማሸጊያ ለመድኃኒት ቤት እያሳየች ሦስት ዓመት ገዛች። ውኃ ጥሙና የሌሊት ሽንቱ ሲበዛባት ብትመረመር ስኳሯ ከፍ ብሏል። ያን ጊዜ በስልክ «ዛሬውኑ አቁሚው!» ያልኳት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ እያስመለሳት፣ መቆም አቅቷት ወደ አዳማ አመጣናት። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማመንጨት ይቀንሳሉ። በድንገት ሲቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው። ለካ ለብቻ መቀጠሉም ለብቻ ማቆሙም አደጋ ነው!

አሁን የምትወስደው ሜቶትሬክሴት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በስህተት በየቀኑ ቢወሰድ ሊገድል ስለሚችል ቀኑን ካላንደር ላይ አክብበናል። ፎሊክ አሲድ ታዞላታል፤ ደሟና ጉበቷም በየጊዜው ይመረመራል። ይህ መድኃኒት እርጉዝ ለሆነች ወይም ለማርገዝ ላሰበች ሴት እንደማይሰጥም ልብ ይበሉ።

እርስዎም ቤት ቁርጥማት ያለባቸው እናት ወይም አባት ካሉ የመድኃኒት ፌስታላቸውን አብረው ይክፈቱ። ማን አዘዘው? እስከ መቼ? ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ዓይንና አጥንት የታየው መቼ ነው? ብለው ይጠይቁ። መልሱን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የእናቴ ፊት ሟሟ። ጎረቤቶቿ ዛሬ «ምነው ከሳሽ?» ይሏታል። እሷ ግን ቡናዋን እየቀዳች ትስቃለች።