የፕሮግራም እርሾ

‹‹እኔ ኮምፒዩተር ላይ እኮ ይሠራል!›› የሶፍትዌር ሰዎችን ቀረብ ብሎ ያየ ይህችን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። ተናጋሪውም አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ፕሮግራሙ በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ በባልደረባው ጠረጴዛ ላይ ግን እምቢ ይላል። ለምን ቢሉ፣ ነገሩ ከጓዳችን ሩቅ አይደለም። እንጀራ ጋጋሪ ለጎረቤቷ ‹‹ዱቄቱ ይህን ያህል፣ ውኃው ይህን ያህል›› ብላ ትነግራት ይሆናል። በቡሃቃው ግርጌ የቀረውን እርሾ ግን ላትጠቅሰው ትችላለች፤ ሁልጊዜ እዚያው ስለሚገኝ ልብ አትለውም። ኮምፒዩተርም የራሱ እርሾ አለው። ከዓመታት በፊት ለሌላ ሥራ የተጫነ፣ ባለቤቱ የረሳው፣ ፕሮግራሙ ግን ሳይናገር የሚደገፍበት ብዙ ነገር በሆዱ ተቀምጧል።

ጉዳዩ የባለሙያዎቹ ራስ ምታት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ሥራ እጄ ገባ። ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ መምህር በ1988 ዓ.ም. ገደማ በኮምፒዩተር ያስጻፏቸው፣ ሦስት መቶ ገጽ የሚሆኑ ተረቶችና የአገር ቤት ወጎች ናቸው። ልጆቻቸው ሊያሳትሟቸው ፈልገው ለአርትዖት ሰጡኝ። ፋይሉን ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም፤ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት እንደ ቆሎ ተበትኖበታል።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ የእኛን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያዎች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር፤ በአንዱ ‹‹ለ›› የሆነው ቁጥር በሌላው ‹‹መ›› ሊሆን ይችላል። የጊዜው ሠንጠረዥ ከ256 በላይ ቦታ ስላልነበረውና ፊደላችንም ከ200 በላይ ስለሆነ፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን ከአካልና ከቅጥያ እየገጣጠሙ ይሠሩት ነበር። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ መቀየሪያ ያስፈልጋል።

መቀየሪያውንስ አንድ የአገራችን ልጅ ከዓመታት በፊት ጽፎ በነፃ ትቶልን ነበር። ፕሮግራም በመጻፍ የሚተዳደር አንድ የሠፈራችን ወጣት ሊያስኬደው ሞከረና አልሆነም። ‹‹ጋሼ፣ ፕሮግራሙ አልተበላሸም›› አለኝ፤ ‹‹የሚኖርበት ቤት ነው የፈረሰው።››

መቀየሪያው የተጻፈው በፓይዘን 2 ነው። የዚህ ቋንቋ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ ተቋርጧል። ተተኪው ፓይዘን 3 ጽሑፍን ሁሉ በዩኒኮድ ይቆጥራል፤ የእኛ መቀየሪያ ግን ጽሑፉን እንደ ጥሬ ቁጥር ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁለቱ ሊግባቡ አልቻሉም። በመመሪያው ላይ የሰፈረው ‹‹ፓይዘን ያስፈልጋል›› የምትል አንዲት መስመር ብቻ ናት። የትኛው ፓይዘን? ከየትኛው ረዳት ላይብረሪ ጋር? ዝም ነው።

ወጣቱ ሁለት ቀን ሲፈትሽ ቆይቶ ያመጣው መፍትሔ ኒክስ ይባላል። ኒክስ ፓኬጅ ማኔጀር ነው፤ ማለትም ሶፍትዌርን ከነደጋፊዎቹ አምጥቶ የሚጭን ፕሮግራም። የተለመዱት ፓኬጅ ማኔጀሮች አዲሱን በአሮጌው ቦታ ይተኩታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኒክስን የጀመረውና በ2006 በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ሐሳብ ላይ ያቀረበው ኤልኮ ዶልስትራ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በእርሱ ዘዴ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ማኅደር አለው፤ የማኅደሩም ስም በ32 ፊደልና ቁጥር በተጻፈ አሻራ ይጀምራል። አሻራው ሶፍትዌሩ ከተሠራባቸው ነገሮች ሁሉ ተሰልቶ የሚወጣ ነው። ከእነርሱ አንዲቷ ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል፣ ማኅደሩም ሌላ ይሆናል። ፓይዘን 2 እና ፓይዘን 3 ሳይጣሉ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ግንባታው ነው። በሊኑክስ ላይ ኒክስ ሶፍትዌሩን የሚሠራው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፤ በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ነገር እዚያ አይገኝም። እርሾው ከተረሳ ሊጡ እዚያው አልነሣም ይላል፤ ጎረቤት ቤት እስኪደርስ አይጠብቅም። ከዝርዝሩ ጋር ‹‹ሎክ ፋይል›› የሚሉት ሌላ ፋይል ይኖራል፤ የእያንዳንዱን ምንጭ ትክክለኛ እትም መዝግቦ ይይዛል።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ዝርዝሩ የሚጻፍበት ቋንቋ ባለሙያውንም ያላበዋል። ኢንተርኔት በጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ጭነት ጊጋባይት ሲበላ ማየት ያማል፤ አሮጌውም እትም ካላጸዱት ዲስኩን ይዞ ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ፣ በ2019 ላይ የቆመ ሶፍትዌር ከዚያ ወዲህ የወጡ የደኅንነት ጥገናዎችን አያገኝም። ለእኛ መቀየሪያ ግድ የለም፤ ለባንክ ቢሆን አልመክርም። ዝርዝሩ ተጽፎ ጤፉ ከገበያ ቢጠፋስ? ምንጩ ከኢንተርኔት የተሰረዘ ፕሮግራም በዝርዝር ብቻ አይመለስም። ኢንሪያ የተባለው የፈረንሳይ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ሶፍትዌር ሄሪቴጅ የተባለውን የፕሮግራም ምንጮች መዝገብ ቤት ይፋ ያደረገው ይህን መሰሉን ጥፋት ለመከላከል ነው።

ከመምህሩ ልጆች አንዷ በአሜሪካ ሜሪላንድ ትኖራለች፤ ሥራዋም ኮምፒዩተር ነው። ወጣቱ መቀየሪያውን፣ ዝርዝሩንና ሎክ ፋይሉን ላከላት። ሌላ ምንም አላስረዳትም። እርሷም በራሷ የሊኑክስ ኮምፒዩተር የአባቷን ፋይል ቀየረችና የውጤቱን አሻራ ጻፈችልን። ከእኛው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው።

ስሕተቱም አንድ ነው። ‹‹ኋ›› በሚመጣበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሣጥን ተቀምጧል፤ እኔ ዘንድ በገጽ 112 ላይ ያለው ሣጥን እርሷም ዘንድ በገጽ 112 ላይ አለ። በአንዳችን ዘንድ ብቻ ቢታይ ኖሮ የኮምፒዩተሩን ፎንት ስንጠረጥር ሳምንት ይሄድ ነበር። ሁለታችንም ጋ ስለታየ ግን ጉድለቱ በመቀየሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ መሆኑን ወዲያው አወቅን፤ ወጣቱም አንዲት መስመር ጨመረበት። መምህሩ ‹‹ከብዙ ቀን በኋላ›› ማለት ይወዱ ኖሯል፤ አሁን እርሷም በየተረቱ በቦታዋ ገብታለች። የሚቀረኝ አርትዖቱ ነው፤ ገና አርባኛው ገጽ ላይ ነኝ።